ቤት ውለው የደበራቸውን አባትና እናት ማንቀሳቀስ፦ የ8 ሳምንት የአሠራር መመሪያ

ጥያቄው የሚመጣው በተለያየ አፍ ነው እንጂ አንድ ነው። «አባባ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሶፋው አይነሱም። እንውጣ ስንላቸው ‹ዛሬስ አልቻልኩም፣ ነገ› ይላሉ። እንቅልፋቸውም ምግባቸውም ተበላሽቷል። ምን እናድርግ?» አንዳንዴ የሚጠየቅላቸው እናት ናቸው። አንዳንዴ ደግሞ ከድሮ ሰፈራቸው፣ ከዕድራቸውና ከቡና ጎረቤቶቻቸው ተነስተው ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የገቡ አያት ናቸው።

ደስ እስኪላቸው አትጠብቁ። ድባቴ ቀድሞ የሚወስደው ፍላጎትን ስለሆነ «ትንሽ ሲሻላቸው ይወጣሉ» ብሎ መጠበቅ ወር ያስቆጥራል። የሚሠራው ግልባጩ ነው፦ ባይፈልጉም በጣም ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፣ ፍላጎቱ ኋላ ይመጣል። ከታች ያለው ያቺን ትንሽ መጠን እንዴት እንደምትጀምሩ፣ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደምትጨምሩና የት ላይ አቁማችሁ ሐኪም ጋ እንደምትሄዱ ነው። መንገዶቹ የተመረጡት በመሃል አዲስ አበባ፣ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስና በለገሃር አካባቢ ለሚኖሩ ነው።

የሩቁን ግብ ለማወቅ ያህል፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ሚዛን የሚጠብቅ ልምምድ ቢያደርጉ ይመከራል። ይህን ቁጥር ግን ለአባታችሁ አትንገሯቸው። ሦስት ወር ተቀምጠው ለከረሙ ሰው 150 ደቂቃ ማለት «አልችልም» ለማለት የተመቸ ምክንያት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የማይወዛወዝ፣ እግሩ ላይ የሚሽከረከር ጎማ የሌለው የእንጨት ወንበር፤ መቀመጫው ከወለል 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ። ሶፋ አይሆንም፤ ዝቅ ያለና የሚሰምጥ ስለሆነ ለመነሳት ያስቸግራል።
- ተረከዙን የሚይዝ፣ ሶሉ ያላለቀ ሸራ ጫማ። ሸበጥ ክልክል ነው።
- ባለ ግማሽ ሊትርና ባለ 1 ሊትር የውሃ ላስቲክ፣ ሁለት ሁለት። ውሃ ሲሞላ ግማሽና 1 ኪሎ ስለሚሆን ክብደት መግዛት አያስፈልግም።
- የደም ግፊት መለኪያ። ቤት ከሌለ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ማስለካት ይቻላል።
- ስኳር ላለባቸው፦ የስኳር መለኪያ፣ እንዲሁም በኪስ የሚያዝ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ።
- ደብተርና እስክሪብቶ፤ ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ።
- ምርኩዝ የሚይዙ ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ያላለቀ ጎማ ያለው።

የምርኩዙን ልክ አሁኑኑ እዩት። ጫማቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው ሲቆሙ የምርኩዙ እጀታ ከእጅ አንጓቸው ጋር እኩል መሆን አለበት። ብዙ ቤት ያለው ከዘራ ከዚህ ይረዝማል፤ ትከሻን ወደ ላይ ይገፋል፣ በተደናቀፉ ጊዜም ክብደት አይሸከምም። መቋሚያማ ጭራሽ የመሄጃ ምርኩዝ አይደለም፤ ለማኅሌትና ለቅዳሴ ቆሞ ለመደገፍ የተሠራ ነው። ምርኩዙ የሚያዘው በሚያመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው፤ የታመመው እግር ሲራመድ አብሮ ወደፊት ይሄድና ጫናውን ይካፈላል።

ደረጃ 1፦ መጀመር ይቻል እንደሆነ ማጣራት

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ሐኪም ሳያያቸው አትጀምሩ፦ ሲንቀሳቀሱ ደረት ላይ የሚመጣ ሕመም ወይም መጨነቅ፣ ተኝተው የሚያፍን የትንፋሽ እጥረት፣ ራስን ስቶ መውደቅ፣ ባለፉት 3 ወራት የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ፣ አዲስ የእግር እብጠት፣ ዕረፍት ላይ ሆነው 180/110 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የደም ግፊት።

ቀጥሎ ግፊታቸውን ተኝተውም ቆመውም ለኩ። 5 ደቂቃ ጋደም ብለው ይለካ፤ ከዚያ ይቁሙና በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ሲነሱ የመውደቅ አደጋ አለባቸው። የግፊት መድኃኒቶች፣ ሽንት የሚያስወጡት እነ ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ እንዲሁም ለእንቅልፍ ወይም ለድባቴ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ይህን ያመጣሉ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ቁጥሮቹን ጽፋችሁ ላዘዘው ሐኪም አሳዩ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ከመውጣታቸው በፊት ስኳራቸውን ለኩ። ከ100 (mg/dL) በታች ከሆነ ትንሽ ይቅመሱና ይውጡ። በመንገድ ላይ ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ቁጭ አድርጓቸው፤ ያቺን 3 ማንኪያ ስኳር በውሃ ስጧቸውና ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሙ ለኩ። 70 ካልደረሰ ስኳሩን ድገሙ። መዋጥ ካቃታቸው ወይም ካልነቁ ግን በአፍ ምንም አትስጡ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

ደረጃ 2፦ መነሻውን መለካት

ያለ መነሻ ቁጥር፣ ከወር በኋላ «ለውጥ የለውም» ይሏችኋል፤ የደበረው ሰው የተሻሻለውን አያይም። ሦስት ነገር ለኩ።

ሀ. ከወንበር መነሳት። ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆመው እንደሚቀመጡ ቁጠሩ። ከ65 እስከ 69 ዓመት ለሆኑ ሴቶች ከ11፣ ለወንዶች ከ12 ካነሰ ደካማ ነው። ከ70 እስከ 74 ለሴት 10፣ ለወንድ 12፤ ከ75 እስከ 79 ለሴት 10፣ ለወንድ 11። በእጃቸው ሳይገፉ መነሳት ካልቻሉ ውጤቱ 0 ተብሎ ይጻፋል። አይዟችሁ፣ ቶሎ ከሚሻሻሉት አንዱ ይሄ ነው።

ለ. ሚዛን። እናንተ ክንድ በሚደርስበት ርቀት ቁማችሁ፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርገው፣ የኋለኛው ጣት የፊተኛውን ተረከዝ እንዲነካ ይቁሙ። 10 ሰከንድ ካልቆዩ የመውደቅ አደጋቸው ከፍ ያለ ነውና እስከ 4ኛው ሳምንት ድረስ ብቻቸውን ለእግር ጉዞ አይውጡ።

ሐ. ስሜት። ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። «ባለፉት 2 ሳምንታት ነገር የመሥራት ፍላጎት ያጡበት ወይም ምንም ደስ ያላለዎት ስንት ቀን ነው?» «የከፋዎት፣ የደበረዎት ወይም ተስፋ የቆረጡበትስ?» ለእያንዳንዱ፦ ምንም 0፣ ጥቂት ቀናት 1፣ ከግማሹ በላይ 2፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል 3። ድምሩ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንቅስቃሴውን እየጀመራችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዙ።

የኛ አዛውንቶች «ደብሮኛል» ብለው ቀጥታ አይናገሩም። «ሰውነቴን ይከብደኛል»፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «እህል አስጠላኝ» ይላሉ። ለጥያቄያችሁ «ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ» የሚል መልስ ብቻ ካገኛችሁ፣ እነዚህን ቃላት ስንት ጊዜ እንደሚሉ አንድ ሳምንት አዳምጡና እሱን ጻፉ።

ደረጃ 3፦ «ይቀመጡ» ማለትን ማቆም

ከሁሉ ከባዱ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም የሚቀየረው እናንተ ናችሁ። በእኛ ቤት አክብሮት ማለት ውሃ ማቀበል፣ ሳህን ማንሳት፣ «እርስዎ አይነሱ» ማለት ነው። ውጤቱ ግን አዛውንቱ በቀን ለመጸዳጃና ለመኝታ ብቻ መነሳታቸው ነው። ጭን ሲሳሳ መነሳት ይከብዳል፣ ሲከብድ መውደቅ ያስፈራል፣ ሲያስፈራ መቀመጥ ይመረጣል። በዚያ ላይ በቤቱ ውስጥ ማንም የማይፈልጋቸው ሆኖ ይሰማቸዋል።

ስለዚህ «ስፖርት ይሥሩ» አትበሉ። ሥራ ስጡ፣ የእውነት ሥራ። ጠዋት ዳቦ ማምጣት፣ የልጅ ልጅን እስከ ትምህርት ቤት በር ማድረስ፣ በረንዳ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ ማጠጣት፣ የዕድር ክፍያ ወስዶ መክፈል። አንዱን ምረጡና የሳቸው ብቻ ይሁን። ቢዘገዩም፣ ዳቦው ቢቀዘቅዝም ሮጣችሁ አትቅደሟቸው፤ አንድ ቀን ከቀደማችኋቸው ሥራው የይስሙላ መሆኑ ይገባቸዋል።

ደረጃ 4፦ ሰዓትና መቆጣጠሪያ ማበጀት

እንቅስቃሴውን አሁን ባለ ልማድ ላይ ስቀሉት፦ ከቁርስ በኋላ፣ ከቡናው በፊት፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ። «ሲመቸን» የተባለ ሰዓት አይመጣም። ጥሩው ከጠዋቱ 2:30 እስከ 4:00 ነው። ብርዱ ተሰብሯል፣ የሥራ መግቢያው ግፊያ ቀሏል፣ የጠዋት ብርሃን ደግሞ የሰውነትን የእንቅልፍ ሰዓት ስለሚያስተካክል ሌሊት ለሚነቁት ይረዳል።

ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ጠዋት የሚወስዱ ከሆነ ግን «አልወጣም» የሚሉበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይሄው ነው፤ አፍረው አይነግሯችሁም። ያኔ ጉዞውን ከሰዓት በኋላ 9:00 ወይም 10:00 አድርጉት፤ መንገድ ላይ መጸዳጃ የት እንዳለ ቀድማችሁ እወቁና ሳይጠየቁ ንገሯቸው።

በጾም ወቅት፣ በተለይ በሁዳዴና በረመዳን፣ ስኳርና ግፊት ያለባቸው ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ረጅም መንገድ አይሂዱ። ከጾሙ መፍቻ በኋላ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ቆይተው ይንቀሳቀሱ፤ ያ ከመሸ ቤት ውስጥ ያድርጉት። የተራዊህ ሶላት ራሱ መነሳትና መቀመጥ ስላለበት ለዚያ ቀን የጡንቻ ሥራ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ስግደትም እንዲሁ፤ ግን ጉልበት ለሚያማቸው ወይም ሲነሱ ለሚያዞራቸው በደረጃ 1 የለካችሁት ቁጥር ይወስን።

ደረጃ 5፦ መንገድ መምረጥ

ለመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ሜዳ መንገድ ብቻ። ከስታዲየም ወደ መስቀል አደባባይ ያለው ለዚህ ይመቻል። ወዳጅነት ፓርክም መኪና የለበትም፣ መቀመጫ አለው። በኮሪደር ልማቱ የሰፉት የእግረኛ መንገዶችም ከድሮው ጉድጓዳማ ጠርዝ እጅግ ይሻላሉ፤ ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ዝናብ የነካው ለስላሳ ንጣፍ ያንሸራትታል፣ የብስክሌት መስመር ባለበት ደግሞ አዛውንቱ ሳያውቁት ወደዚያ ይገባሉ።

ቸርችል ጎዳናን ለኋላ አቆዩት። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ሲወርዱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቁልቁለት ጉልበት ላይ ከዳገት የበለጠ ጫና ያሳርፋል፣ ሲመለሱ ደግሞ የደከመ ሰው ዳገት ይጠብቀዋል። ዳገት ስትጀምሩ ሕጉ «ሲሄዱ ዳገት፣ ሲመለሱ ቁልቁል» ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ያለው ቀስ ያለ ዳገት ለ6ኛው ሳምንት ጥሩ ነው። ጉልበታቸው የሚያማቸው ግን ሜዳው ላይ ይቆዩ፤ ምንም አይቀርባቸውም።

ከመንገዱ ጫፍ ሰው ይኑር። የድሮ ጎረቤት፣ የማኅበር ወዳጅ፣ አብረው ሻይ የሚጠጡት ጓደኛ። ለብቻ ተሂዶ ለብቻ የተመለሰበት መንገድ እግርን ይጠቅማል፤ ለስሜት ግን ሌላኛው ግማሽ ሰው ማግኘቱ ነው። ሰፈር የቀየሩ ከሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን በታክሲ ወደ ድሮው ሰፈር ወስዳችሁ እዚያ ብታራምዷቸው፣ አዲሱ ግቢ ውስጥ ሦስት ቀን ከመዞር በላይ እንደሚያነቃቃቸው እናምናለን።

ደረጃ 6፦ የእግር ጉዞው መጠን

- 1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን።
- 3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ 10 ደቂቃ ጠዋት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከሰዓት።
- 5ኛና 6ኛ ሳምንት፦ 20 ደቂቃ፣ በአንድ ጊዜ ወይም ተከፍሎ።
- 7ኛና 8ኛ ሳምንት፦ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ። 30 ደቂቃ በ5 ቀን 150 ይሆናል።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ደቂቃንና ዳገትን አብራችሁ አትጨምሩ፤ ሕመም ከመጣ የትኛው እንዳመጣው አታውቁም። 5 ደቂቃ አነሰች ብላችሁ አታሹፉ። ዓላማዋ ልብን ማሠልጠን ሳይሆን «ወጥቼ ተመለስኩ፣ ምንም አልሆንኩም» ማስባል ነው።

የፍጥነቱ መለኪያ ወሬ ነው። እየሄዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካልቻሉ ልክ ነው። ሁለት ቃል ተናግረው የሚተነፍሱ ከሆነ ቀንሱ። በልብ ምት አትለኩ፤ የልብ ምት የሚያዘገዩትን እነ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ቢደክምም ምቱ ብዙም አይጨምርም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ቆላ ወይም ውጭ አገር ከርመው የመጡ አዛውንትን የመጀመሪያዎቹን ቀናት በግማሽ ፍጥነት አስኪዷቸው።

አብራችሁ ስትሄዱ ክንዳቸውን ወይም ብብታቸውን አትያዙ፤ እሳቸው የእናንተን ክርን ይያዙ። ስትይዟቸው ሚዛናቸውን ትወስዱባቸዋላችሁ፣ ሲደናቀፉም እጃቸው ለመደገፍ ነፃ አይሆንም። ጋቢ ተከናንቦ መሄድም እንዲሁ ነው፦ ሁለቱም እጅ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ከእግር ስር ገብቶ፣ የወደቀ ሰው በፊቱ ነው የሚያርፈው። ለመንገድ ሹራብና ጃኬት ይልበሱ፤ ጋቢው ሲመለሱ ይጠብቃቸው። ነጠላ የሚለብሱ እናቶች ጫፉን ወደ ኋላ አጣፍተው ያስሩት።

ደረጃ 7፦ የጡንቻ ሥራ፣ በሳምንት 2 ቀን

በሁለቱ ቀናት መሃል ቢያንስ አንድ ቀን ይረፉ፤ ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው።

1. ከወንበር መነሳት፦ 8 ጊዜ፣ አርፎ እንደገና 8። ሲነሱ ትንፋሽ ይውጣ፤ ሲቀመጡ በልባቸው እስከ 3 ይቁጠሩ። ዘፍ ብሎ መቀመጥ የሥራውን ግማሽ ያጠፋል፣ ወገብንም ይመታል። ጉልበት ካመማቸው የታጠፈ ጋቢ መቀመጫው ላይ አድርጋችሁ ከፍታውን ጨምሩ። 12 ጊዜ ሁለት ዙር ሲቀላቸው ባለ ግማሽ ሊትሩን ውሃ ደረታቸው ላይ ይያዙ።
2. ተረከዝ ማንሳት፦ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዘው በጣታቸው ይቁሙ፣ በዝግታ ይውረዱ። 10 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ባት ደምን ወደ ላይ ስለሚገፋ ቅዳሴ ላይ ረጅም ሰዓት ቆመው የሚያዞራቸው ይህን ይወዱታል፤ እዚያው ቆመውም ተረከዛቸውን ሊያነሱ ይችላሉ።
3. ግድግዳ መግፋት፦ ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቀው፣ መዳፋቸውን በትከሻ ከፍታ አሳርፈው፣ ክርን እያጠፉ ይጠጉና ይግፉ። 8 ጊዜ፣ ሁለት ዙር።
4. ተሸክሞ መሄድ፦ በእያንዳንዱ እጅ ባለ 1 ሊትር ውሃ ይዘው በኮሪደሩ 1 ደቂቃ። ሁለቱም እጅ እኩል ይሁን፤ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ማንጠልጠል ወገብን ያጣምማል።

ትንፋሽ አፍኖ መግፋት የደም ግፊትን በአንዴ ያሽቅባል። ድምፅ አውጥተው ይቁጠሩ፤ እየቆጠረ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው የለም።

ደረጃ 8፦ ሚዛን፣ በሳምንት 3 ቀን

የክፍሉ ጥግ ላይ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ፊታቸው ወንበር አድርገው ይቁሙ። ወደየትም ቢያዘነብሉ የሚይዛቸው ነገር አለ። እግር ገጥሞ መቆም፣ ከዚያ አንዱን ግማሽ ወደፊት፣ ከዚያ ተረከዝና ጣት ማነካካት፣ ከዚያ በአንድ እግር። እያንዳንዱን 10 ሰከንድ ሳይነኩ ከቆዩ ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ ከዚያ እስከ 30 ሰከንድ ያሳድጉት። ካልተወዛወዙ በጣም ቀላል ነው ማለት ነው፤ ትንሽ መንገዳገድ ሥራው ራሱ ነው።

ደረጃ 9፦ ደብተሩ

ከመውጣታቸው በፊት «ስሜትዎ ከ10 ስንት ነው?» በሏቸውና ጻፉ። ተመልሰው ጫማ ሲያወልቁ ድገሙ። ሌላ ምንም አትጠይቁ። መስመሩ ይህን ይመስላል፦ «ማክሰኞ፣ 8 ደቂቃ፣ በፊት 3፣ በኋላ 5፣ ከአቶ እገሌ ጋር ተገናኙ።»

ይህ የሚደረገው ለእናንተ ሳይሆን ለሳቸው ነው። «ዛሬ አልወጣም» ባሉ ቀን ክርክር አትግጠሙ፤ ያለፈውን ሳምንት ገጽ አንብቡላቸው። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ከሆነ ቁጥሩን በጣታቸው ያሳዩ፣ ወይም በፊትና በኋላ የባቄላ ፍሬ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩ።

የዕለቱ እፎይታ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይታያል። የሚቆየው ለውጥ፣ የእንቅልፉ፣ የምግቡና የጨዋታው መመለስ፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። በ2ኛው ሳምንት ተስፋ መቁረጥ በጣም የተለመደ ነው፤ ያኔ እግር ዝሏል፣ ጥቅሙ ገና አልመጣም።

ደረጃ 10፦ ለክረምት መዘጋጀት

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ልምዱ የሚሰበረው በዝናብ ነው፤ ስለዚህ ዝናቡ ሳይጀምር የቤት ውስጡን ተለማመዱ። በኮሪደር ወይም በበረንዳ 10 ደቂቃ ወዲያ ወዲህ፤ ምንጣፉ ጠርዙ ከተገለበጠ ይነሳ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የብረት መደገፊያው ከያዛቸው አንድ ፎቅ መውጣትና መውረድ በቂ ነው። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የሚያመው ይቅደም። መብራት በጠፋ ጊዜ ደረጃው ይቅር።

ክረምቱ ጠዋት ላይ ብዙ ጊዜ ይገለጣል፤ ያቺን የፀሐይ ፍንጭ ካገኛችሁ የደረጃ 4ን ሰዓት ትታችሁ ውጡ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው

- በጥሩ ቀን ማብዛት። አንድ ቀን ደስ ብሏቸው 40 ደቂቃ ይሄዱና ሦስት ቀን ይተኛሉ፤ ከዚያ «ያኔ ገደለኝ» ብለው ይቀራሉ። በጥሩም ቀን የሳምንቱን ደቂቃ አትለፉ።
- በመጥፎ ቀን ፈጽሞ መተው። ቀንሱ እንጂ ዜሮ አታድርጉ፦ እስከ በር ሄዶ መመለስም ይጻፋል።
- መቆጣት፣ ማሳፈር፣ «እነ እገሌን አያዩም?» ማለት። የደበረውን ሰው ይበልጥ ያስከፋዋል።
- ውሃ መቀነስ። አዛውንት ጥማቱን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው፤ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ብርጭቆ ይጠጡ። የልብ ድካም ኖሮባቸው ውሃ የተመጠነላቸው ከሆነ ግን የሐኪሙ መጠን ይከበር።
- የድባቴ መድኃኒት የሚወስዱ «እግሬ ፈውሶኛል» ብለው ማቋረጣቸው። እንቅስቃሴ ከመድኃኒቱ ጋር ይሄዳል እንጂ አይተካውም፤ ፍሉኦክሰቲንም ሆነ አሚትሪፕቲሊን በሐኪም ምክር ነው የሚቆመው።

ማስጠንቀቂያ

በደረት መሃል የሚጫን ሕመም ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ አፍ ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከደከመ፣ ንግግር ከተሳሰረ አትጠብቁ፤ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ ወይም በአቅራቢያችሁ ያለው መኪና ይውሰዳቸው። ከእንቅስቃሴ በኋላ ጡንቻ ለ2 ቀን መዛሉ ጤነኛ ነው፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን በሚቀጥለው ቀን ደቂቃውን በግማሽ ቀንሱ።

«ምን እኖራለሁ»፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ምነው በወሰደኝ» የሚሉትን እንደ እርጅና ወግ አትለፉት። በግልጽ ጠይቁ፦ «ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጥም። መልሱ አዎ ከሆነ፣ ወይም ምግብና ውሃ እምቢ ካሉ፣ ወይም የሌለ ድምፅ ከሰሙ ይህን መመሪያ አስቀምጡትና በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷቸው፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ የተቋቋመ ነው። እስከዚያ ብቻቸውን አይሁኑ፤ መድኃኒትና መርዛማ ነገር ከእጃቸው ይራቅ።

4ኛው፣ 8ኛው ሳምንትና ከዚያ በኋላ

በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት ደረጃ 2ን እንዳለ ድገሙ፤ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሰዓት። የወንበሩ ቁጥር ጨምሮ የስሜቱ ድምር 3 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀረ ሰውነቱ ሠርቷል፣ ድባቴው ግን ሕክምና ይፈልጋል፤ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙ ከቃል ይልቅ ብዙ ይነግረዋል። ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ ደግሞ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የቪታሚን ቢ12 እጥረት እንዲመረመሩ ጠይቁ፤ ሦስቱም ድካምና ድባቴ ይመስላሉ።

በጉንፋን፣ በለቅሶ ወይም በመንገድ ምክንያት ከአንድ ሳምንት በላይ ከተቋረጠ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። ከነበሩበት ደቂቃ በግማሽ ጀምሩ፣ በየ3 ቀኑ 5 ደቂቃ ጨምሩ። ትኩሳት ካለ ግን ትኩሳቱ ከለቀቃቸው ቢያንስ 2 ቀን ይለፍ።